ቶርፔዶውና የእትዬ አስካለ መነጽር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት
ቅጠል ጠረግሁ። መድኃኒቴን ወሰድኩ። ካሣ እንደ ልማዱ ደወለ፤ ደኅና አደርክ እንኳ ሳይል ወደ ክርክራችን ገባ። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቶርፔዶ ሲተኩስ ውሃው ለምን አይገባበትም? እኔ ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖርኩ፤ እሱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግን። ሰርጓጁን ሁለታችንም በዓይናችን አላየነውም። ስለዚህ የሚሸነፍ የለም። ሐሙስ ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አሌክሳንድርያ እንሄዳለን። ወንዙ ዳር ያለው የድሮ ቶርፔዶ ፋብሪካ ዛሬ ሠዓሊዎች ይሠሩበታል፤ አንድ ቶርፔዶ ግን ለማሳያ ቀርቷል። እዚያ ይለይልናል አለ።

ከሰዓት
የካሣ ልጅ ሰላም ደወለች። እትዬ አስካለ ትናንት ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። የካሣ ታላቅ እኅት። እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። መርዶው ቅዳሜ ሲነጋ ነው፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ ነው፣ ቄሱም ይመጣሉ። «ጋሼ፣ እስከዚያ እርስዎ አባዬን ቢዚ ያድርጉልን» አለችኝ። እሺ አልኩ። ወግ ነው፤ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ሥዕሉን እንደገና ሣልኩት፤ ለሐሙስ። ሌላ ነገር ላይ ማተኮር አልቻልኩም። ቱቦው ሁለት በር አለው፣ የውስጥና የውጭ። ሁለቱ አንድ ላይ ከቶ አይከፈቱም። ቶርፔዶው ይገባል፤ የውስጡ በር ይዘጋል። ቱቦው በውሃ ይሞላል፤ ግፊቱ ከባሕሩ ጋር እኩል ይሆናል። የውጭው በር የሚከፈተው ያኔ ብቻ ነው። የታመቀ አየር ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በራሱ ሞተር ይሄዳል። ካሣ የማይቀበለኝ የመጨረሻውን ነው። አየሩ ተከትሎ እንዳይወጣ ወደ መርከቡ መልሰው ያስገቡታል። ከወጣ አረፋው ባሕሩ ላይ ይታያል፤ ጠላት ያሉበትን ያውቃል። ውሃም አየሩን ተከትሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ የሄደውን ክብደት ይተካል፤ አለዚያ የመርከቡ አፍንጫ ሽቅብ ይነሣል።

ከሰዓት ከካሣ ጋር ገበያ። ለእኅቱ የማንበቢያ መነጽር ገዛ። ዳዊቷን መድገም አቅቷታል አለ። ዓርብ ማታ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ አለ። ፍሬሙን አንተ ምረጥ አለኝ። መረጥኩ። እኔ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ቤ/ክ ሄድኩ፤ ቆሜ መጸለይ አልቻልኩም፤ ወጣሁ። ሰላምን ጠየቅኋት፤ መነጽሩስ? ይላከው፣ ኖ ፕሮብሌም አለች። ካሣ ደብረ ብርሃን ደውሎ ነበር። ጠበል ሄዳለች አሉት። በዚህ ብርድ ማን ፈቀደላት ብሎ ሲቆጣ ዋለ። እኔም አብሬው ተቆጣሁ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ሄድን። ቶርፔዶው አረንጓዴ ነው፣ ከገመትነው ይረዝማል። ካሣ ዞረው፤ በጣቱ አንኳኳው፤ ጥበቃው ገላመጠን። ከዚያ ጀመረኝ። «አየሩማ ተከትሎ ነው የሚወጣው! አንተ ባሕር የምታውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው።» ሥዕሌን ከኪሴ ላወጣ ስል ስለ አስካለ ቀጠለ፤ መነጽሩን አድርጋ በቪዲዮ ስትታየው፣ አሮጊት አስመሰልከኝ ብላ እንደምትሰድበው። ሥዕሉን መለስኩት።

«ልክ ነህ» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«ልክ ነህ። አየሩ ይወጣል።»

ሳቁ ጠፋ። ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል? ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ልክ ነህ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ደክሞኝ ነው አልኩ። እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሬዲዮ አልከፈተም። ደጄ ላይ ሲያወርደኝ፣ አስካለ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ጠበል ሄዳ አታውቅም አለ። መልሴን ሳይጠብቅ ነዳ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከቀኑ 8 ሰዓት
ካሣ ዛሬ አልደወለም። ደወልኩ፤ አያነሳም። ቤቱ ውስጥ እመላለሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ።

ወጉን አልጠላሁትም። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ካሣ ግን ከትናንት ጀምሮ ብቻውን ነው፤ ግማሹን ያውቃል፣ ግማሹን እኛ ይዘንበታል። ለሰላም ደወልኩላት። ቅዳሜን አንጠብቅ አልኳት፤ መነጽሩ ለመንገደኛው ሳይሰጥ፣ ዛሬ። «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው!» እኔ አለሁ፣ አንቺ አለሽ፣ ቄሱን ለምኚ አልኳት። ተቆጣች። ትናንት «ልክ ነህ» እንዳልኩትና እንደጠረጠረ ነገርኳት። አለቀሰች። በመጨረሻ እሺ፤ ቄሱን ይዛ እዚህ ትመጣለች፤ አብረን ወደ ካሣ እንሄዳለን። እሷ ሳትደርስ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስማለችኝ። ማልኩ።

ነጠላዬን አዘጋጀሁ። ወንበር ላይ ነው።

መኪና ቆመ። ሰላም አይደለችም። በመስኮት አየሁ፤ ካሣ ነው። ጃኬት አላደረገም። የመነጽሩን ሣጥን ይዟል።

እያንኳኳ ነው። ልከፍትለት ነው። ቃሌን ግን እንዴት እጠብቃለሁ?