ድንበሩ በኑዕማን ቀብር ላይ አለፈ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለአይሻ፣ ደጋን።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ሻል አለሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ያ ሳል ለቀቃት? ይመር እንዴት ነው? ልጆቹስ? አረፋን በሰላም ዋላችሁ? ዝናቡ ሳይዛባ ማሽላው በቀለላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በአካሌ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ግን የእማዬን ድምፅ ከአጠገብሽ በሰማሁ ቁጥር ምላሴ ይታሰርብኛል፤ ወሬዬን ወደ ገበያና ወደ ዝናብ አዞርና እዘጋዋለሁ። ደብዳቤውን ወደ አገር ለሚገባው ለሐይቅ ከተማው ልጅ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ነገሩ የኑዕማን ነው። ወንድማችን ካቻምና በዚያ የበረዶ ቀን መኪናው ተገልብጦ ሲሞትብን፣ የቀበርነው ከዳላስ ወጣ ብሎ፣ ከዴንተን ከተማ ወዲያ ባለ ጫካ ውስጥ መሆኑን ነግሬሽ ነበር። ቦታው የሰፈራችን የቪከሪ ሜዶ ጀመዓ ተባብሮ ለቀብር የገዛው ነው። ግማሹ ተመንጥሮ ሜዳ ሆኗል፤ ግማሹ ገና ጫካ ነው፣ እንደ አገራችን ጥድ ያለ ዛፍና ልብስ የሚቀድ እሾሃም ሐረግ የሞላበት። በዳሩ በኩል አሮጌ የሾህ ሽቦ ነበር። ከዛፍ ዛፍ ተቸንክሮ ይሄዳል፤ ከማርጀቱ የተነሳ አንዳንዱን ግንዱ ውጦታል። ድንበራችን እሱ እንደሆነ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ኑዕማንንም ከሽቦው ወዲህ፣ አፈሩ ለስለስ ካለበት አስተኛነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ የጎረቤቱ ጫካ ቤት ለሚሠራ ካምፓኒ ተሸጠ። ሣር የማጨድ ተራዬ ደርሶ እዚያ በዋልኩበት ቀን ቀያሾች መጡ። አለቃቸው ሴት ናት፣ ፀሐይ ፊቷን ያከሰላት። አጥሩ አጠገብ ያለው ቀብር የማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የወንድሜ ነው አልኳት። «ይሄ አጥር ድንበር አይደለም። ላሞች እንዳይወጡ የተሳበ ሽቦ ነው። ድንበሩን ገና እየፈለግነው ነው» አለችኝ።

ማጭዴን ጥዬ ተከተልኳቸው። ምን ላድርግ? ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ይዘው ቅጠሉን እየገለጡ ሲፈልጉ ቆዩና፣ ጫካው ውስጥ ካለ ቦረቦር ከአፈር በታች የዛገ የድንበር ብረት አገኙ። ከዚያ ጀምረው ሐረጉን በገጀራ እየቆረጡ፣ ዛፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እያሰሩ ወደ እኛ መጡ። ከኋላቸው እየሄድኩ፣ ያረቢ ትንሽ ወደዚያ አዘንብልልኝ እያልኩ ዱዓ አደርግ ነበር። ጨርቁ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ኑዕማን ነው የሚሄደው።

ሴትዮዋ ቀብሩ አጠገብ ስትደርስ ለካች። አላመነችም መሰለኝ፣ መሣሪያዋን ነቅላ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምራ እንደገና ለካች። ከዚያ ባርኔጣዋን አወለቀችና «በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። ድንበሩ በወንድማችን ወገብ ላይ ነው ያለፈው፣ እታለም። ራሱና ደረቱ በእኛ መሬት፣ እግሩ በሰው መሬት። ችካሉን ቀብሩ ላይ መምታት ከብዷት ወዲያና ወዲህ ተክላ በመሃሉ ገመድ ወጠረች። ያ ገመድ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የጎረቤቱን ጫካ የሸጠው ሚስተር ዲን የሚባል ሽማግሌ ነው። ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። «ሽቦውን የሳበው አባቴ ነው። ቦረቦሩ አላስኬድ ሲለው ወደ ራሱ መሬት ገባ አድርጎ አለፈ። እኔም ድንበሩ እሱ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። እፊቴ ስልኩን አንስቶ ለካምፓኒው ደወለ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን መሬት ተዉላቸው ብሎ ለመናቸው። እነሱ ደግሞ ቀብሩን አንነካም፣ የምንሠራው መንገድ ግን ጠርዙን ይዞ ያልፋል፣ ከመሬቱም አንሰጥም አሉ። ሽማግሌው ስልኩን ዘጋና፣ «ባለፈው ዓመት ብትመጣ ኖሮ የእኔ ነበር» ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ሼህ ሀሩንን ታውቂያቸዋለሽ፣ በቀብሩ ቀን በስልክ ያጽናኑሽ ናቸው። «ባለቤቱ ካልፈቀደ በሰው መሬት ላይ ማስተኛት አይገባም። ማንሳት ይፈቀዳል። ግን ሚስቱ ትስማማ» አሉኝ። ለማርዋ የመንገሩ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ።

ማርዋ «አትንኩት» ነው ያለችኝ፣ ገና ሳልጨርስ። «እግሩ የማንም መሬት ላይ ቢሆን እሱን ምን ቸገረው? መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ቢያርፍ ምናለ?» አለች። ደጋግሜ ሄድኩባት። መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ይዋል ወይ፣ ነገ ልጅሽ ረያን አባቴ የት ነው ስትል ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ ብለሽ ልታሳያት ነው ወይ አልኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል፤ ሌላ የምለው ግን አጣሁ። በመጨረሻው ቀን የፈቃዱን ወረቀት ፈረመችልኝ። በሩ ጋ ስደርስ እንዲህ አለችኝ፦ «አንዴ ቀብረኸዋል፣ ድገመው። እኔ ግን ባሌን ሁለቴ አልቀብርም። ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ፈቃዱ ወጥቶ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በማለዳ አነሳነው። የጀመዓው ሰዎች ዙሪያውን አንሶላ ይዘው ከለሉልን። የወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። ያየሁትን አልጽፍልሽም። ይህን ብቻ ልንገርሽ፤ ያ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ቁመታም ወንድማችን ክንዴ ላይ ምንም አልከበደኝም። ቢከብደኝ ይሻለኝ ነበር። በአዲስ ከፈን ጠቅልለን ወደ ሜዳው ወስደን፣ ከሌሎቹ ተርታ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገን አስተኛነው። ሰላቱ ቀድሞ ስለተሰገደበት ሼህ ሀሩን ዱዓ ብቻ አደረጉ። የድሮውን ጉድጓድ ሰዎቹ ሊሞሉት ሲሉ እምቢ ብዬ ራሴ ሞላሁት።

ማርዋ ረያንን ይዛ ቤድፎርድ ከተማ አክስቷ ጋ ገብታለች። ብደውል አታነሳም። በሰው በኩል ቦታው እዚህ ነው ብዬ ብልክባት፣ ባሌ ያለው ድሮ ያለበት ነው ብላ መለሰችልኝ። ሰዎች እንዳዩዋት ከሆነ በየጁምዓው ልጇን ይዛ ወደዚያ ወደ ባዶው ቦታ ትሄዳለች፤ መንገዱ እየተሠራ፣ አቧራው ላይ ቆማ ፋቲሃ ትቀራለች። እንደዚህ አድርጋ ልጅቱን እንዳታሳድጋት ፈራሁ። እኔን ትጥላኝ፣ ግድ የለም። አንቺ ግን ደውይላት፤ የአንቺን ስልክ ታነሳለች። እኔ እንደላክሁሽ ሳታስመስዪ፣ እንደ እህት ሆነሽ፣ ወደ ሜዳው እንድትሄድ ለምኚልኝ። በምትሄድበት ቀን እኔ ድርሽ አልልም በያት።

ይመርን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ። ሁመይራን ሳሚልኝ፤ ፈተናዋን አላህ ያግራላት። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በዪ፤ ለኑዕማን ዱዓ ያላቋረጡትን በተለይ።

እማዬን እግሯን ሳሚልኝ። ይህን ግን አትንገሪያት። ባለፈው ጁምዓ ስደውልላት፣ ልጄ የተኛበት ቦታ ዛፍ አለው ወይ፣ ፀሐይ አይመታውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሜዳው ላይ ቆሜ ነበር፤ አንድም ዛፍ የለም። አለው፣ ትልቅ ጥድ አለው አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች።

ወንድምሽ ከሊፋ
ዳላስ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.