ጋሽ ግርማ ሳይፈቀድላቸው ተቀመጡ

እሑድ፣ ኅዳር 14

ፊቴን የት ልደብቀው። ወንድሜ ሊያገባት የሚፈልጋትን ልጅ የሚጠይቁለትን ሦስት ሽማግሌዎች አድርስልኝ ሲለኝ፣ እኔ ያሰብኩት ስለ አሮጊቷ መኪናዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ኮፈኑ ስር የግራና የቀኝ የፊት ጎማ እግሮቿን የሚያያይዝ ብረት አስገጥሜላታለሁ። እንደ ድሮው ኩርባ ላይ አትንገዳገድም። ለሰው ካላሳየሁ ደግሞ አያስችለኝም።

ከአትላስ ጀምሮ አደባባይ በመጣ ቁጥር ፍሬን ሳልነካ ጠመዘዝኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ግርማ፣ ከጎኔ ነበሩ። "ቀስ በል ልጄ" አሉኝ። "አይዞዎት ጋሼ፣ ብረት አስገጥሜላታለሁ" አልኳቸው።

ሳሊተ ምሕረት ልጅቷ ቤት ስንደርስ ጋሽ ግርማን ደግፌ አስገባኋቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ሦስቱም ቆሙ። የልጅቷ አባት "ምን እግር ጣላችሁ?" ከማለታቸው ጋሽ ግርማን ላብ አጠመቃቸውና ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። አባትየው ኮስተር ብለው አዩዋቸው።

"ይቅርታ፣ እርጅና ነው" አሉ ጋሽ ግርማ። ወደ እኔ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። በአነዳዴ ራሳቸውን ያዞርኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። መልሱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። እንደ ልማዱ ይሁን በዚህ የተነሳ ማን ያውቃል። ወንድሜ ደውሎ "እንዴት ነበር?" ሲለኝ "ደህና" አልኩት።

ስንመለስ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ቀስ ብዬ ነዳሁ። አደባባዩ ገና ከሩቅ ሲታይ ግን፣ ጋሽ ግርማ የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ።