ቀላል ሥራ ስለ ሰጡኝ

ለተከበሩ ጓድ ምንዋጋው፣ የእህል መጋዘን ኃላፊ
ሰቆጣ
ግንቦት 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መንጋጋዎስ? እኔ፣ በስብሰባ የማይመዘገብብኝ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጉዳይ ስለሚበዛብዎ ላስታውስዎ፤ በቅሎ ረግጣኝ ተጣሞ የገጠመው መንጋጋዬ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ተሰብሮ ከተቃና በኋላ፣ ስድስት ሳምንት በሽቦ ታስሬ፣ አጥሚት በቀጭን ቱቦ እየሳብኩ ሰንብቼ የተመለስኩት የሚዛን ሠራተኛዎ ነኝ። ሐኪሙ «ለሦስት ወር ቀላል ሥራ ይሰጠው» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። እርስዎም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ኩንታል ማንሳት ይከብደዋል ብለው አዝነውልኝ፣ ድምፅ ማጉያ አስይዘው የገበያ ለፋፊ አደረጉኝ። ክንዴ ከልቡ ያመሰግንዎታል። አገጬ ግን ጥቂት ቅሬታ አለው።

፩ኛ/ በመጀመሪያው ገበያ የከብት ክትባት ስለፍፍ ጥርሴ ገጥሞ አልላቀቅ ቢለኝ፣ ጨው ነጋዴዋ ወይዘሮ ፋጤ «አያ ወልደ ኢየሱስ፣ መንግሥት ሌላ አፍ አጣ እንዴ?» ብለው ገበያውን አሳቁት። በሳቁ አልተቀየምኩም። በማግስቱ ግን አገጬ አበጠ፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም አጥንቱ ገና አልጠናም፣ እንዲህ ከጮህክ ይላቀቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማኘክም አይሆንልህም አለኝ።

፪ኛ/ ለእንኳን ደህና መጣህ ያስቀረቡልኝ የሽንብራ ቆሎ ነበር። አሳቢነትዎን በኪሴ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

፫ኛ/ በውይይት ክበቡ «ዝምታን መርጧል፣ ግለ ሂስ አላደረገም» ተብሎ ተጻፈብኝ። ግለ ሂሱንስ ሽቦው ሳይፈታ ጨርሼዋለሁ፤ አፍ ሲዘጋ ሰው ቀድሞ የተናገረው ነው የሚሰማው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ምንትዋብ በታመመችበት ክረምት፣ ከአልጋዋ ተነሥታ የሠራችውን ሾርባ ቀጠነ ብዬ ተቆጥቻት ነበር። እሷ ሳህኑን አንሥታ ወደ ምድጃው ተመለሰች። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ለቃለ ጉባኤ የሚሆን አልመሰለኝም።

፬ኛ/ ዓይንና ጣት ብቻ የሚፈልገው የሚዛኑ ቦታዬ ለባለቤትዎ ወንድም ለአቶ በለጠ መሰጠቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጤነኛ መንጋጋ ያለው ሰው ዝም ብሎ መቀመጡ ይጠቅመዋል።

ይህን መጻፌ ትዕቢት እንዳይሆንብኝ ሁለት ቀን ጸለይኩ። አጥንት እንዲገጥም ከሌላው ቁጣዬ ሁሉ ጾሜያለሁ፤ ከዚህኛው ግን መጾም አልቻልኩም። ስለዚህ በትሕትና የማስታውቅዎ፣ ከመጪው ገበያ ጀምሮ ለፍፌ መንጋጋዬን አላጣም፤ ወይ ወደ ሚዛኔ ይመልሱኝ፣ ወይ ያሰናብቱኝ።

በቀኝ እጄ ጽፌ፣ ግራ እጄን እንደ ደንቡ ወደ ላይ አንሥቼ፣ አፌን እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ገጥሜ፣ ዕድሜና ሥልጣን እንዲሰጥዎ የምመኝልዎ
ወልደ ኢየሱስ አስማረ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ማንበብ የሚችል እንዲያነብብዎ ነው። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ በገበያ እንዳነብለት ካዘዙኝ ግን፣ ለዚያ አንድ ቀን መንጋጋዬ ቢላቀቅም አልቆጭም።