ሳይገለጥ ስለ ተፈረደበት መጽሐፍ

ለክቡር አቶ ሀብተ ወልድ አገኘሁ
የንባብ ወዳጆች ማኅበር የመጻሕፍት መርማሪ ጉባኤ ሰብሳቢ
አዲስ ከተማ

ክቡር ሆይ፤

ባለፈው እሑድ በማኅበሩ አዳራሽ መነጽርዎን አውልቀው፣ መጽሐፌን በሁለት ጣትዎ አንጠልጥለው፣ «ይህቺ ልጅ ሙታን የምትጠራ ጠንቋይ እንድናመሰግን ትፈልጋለች» ባሉበት ሰዓት እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እኛ ቤት እንቅልፍ ስለ ጠፋ፣ የእኛም ድርሻ ለእርስዎ ተጨምሮ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ።

ማን እንደ ሆንኩ ዘንግተውት ይሆናል። ውባንቺ ኃይሌ እባላለሁ፤ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የምትሸጠው የወይዘሮ እታለም ልጅ፣ በሙያዬም መምህርት ነኝ። «የሰባቱ በሮች አገር» የተባለውን ረጅም የምናብ ታሪክ ጽፌ፣ የጠየቅኋቸው አሳታሚዎች ሁሉ የሌለ አገር ታሪክ ማን ያነባል ብለው ስለ መለሱኝ በራሴ ወጪ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። ማኅበርዎ መጽሐፉን ሊመረምርልኝ ስለ ፈቀደ ምስጋናዬ ብዙ ነውና በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ወረቀቱ። ንግግርዎን የጀመሩት የወረቀቱን ንጣትና የጥራዙን ጥንካሬ በማድነቅ ነበር። አድናቆትዎን ለአታሚው አድርሻለሁ። እሱም መጽሐፉን ስላላነበበው ብትገናኙ ትግባባላችሁ።

፪ኛ፤ ስለ ካርታው። በመጽሐፉ መግቢያ ያለውን ካርታ ለጉባኤው እያሳዩ፣ በዚህ አገር ደብረ ብርሃን በየት በኩል ነው ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ ቀልዱ ጥሩ ስለ ነበር እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ያንን ካርታ የሣልኩት ለእሷ ነው። ፊደል ስለማትለይ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለችው እናት የት እንደ ደረሰች በጣቷ መንገዱን እየተከተለች ታውቅ ነበር።

፫ኛ፤ ስለ ጠንቋይዋ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ነገሩ ከአሥራ ስድስት ገጽ ይረዝማልና።

ይመር የሚባል ወንድም ነበረኝ። ከአዋሽ ማዶ ጥጥ ሊያመጣ ወጥቶ ጎርፍ ወሰደው፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እናቴ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አለች። ድንኳን አልተተከለም፣ ተዝካር አልወጣም፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ሰዎች ልጄ መንገድ ላይ ነው እያለች ከደጅ መለሰቻቸው። ዛሬም ጋቢውን እያጠበች ታሰጣለች። ፊት ለፊት «ሞቷል» ብዬ ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። መናገር ቢያቅተኝ ጻፍኩ።

በመጽሐፌ ውስጥ አንዲት እናት የሞተ ልጇን ፍለጋ ሰባት በሮች ወዳሉት አገር ትገባለች። በመጀመሪያው በር ያገኘቻት ጠንቋይ የልጅሽ ድምፅ ነው ብላ በቅል ከትታ ትሰጣታለች። እናትየዋ ቅሉን አዝላ፣ ድምፁን እየሰማች፣ በጉንዳኖች ጦር መካከልና በአመድ ወንዝ ላይ ታልፋለች። ሰባተኛው በር ላይ ቅሉን ስትከፍተው ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲያናግራት የኖረው የጠንቋይዋ የራሷ ድምፅ ነበር። ቅሉን ሰብራ ታለቅሳለች። አስከሬን በሌለበት የልጇን ተዝካር ታወጣለች፤ አገሩም ያን ጊዜ መውጫውን ይከፍትላታል።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቃችን ውስጥ አነብላት ነበር። ከበርበሬ በረንዳ እትዬ ዙህራም እየመጣች ታዳምጥ ነበር። እትዬ ዙህራ የጉንዳኖቹ ጦርነት ረዝሟል፣ የጦር አለቆቹም ስም ይመሳሰላል፣ እኔማ አንዴ አንቀላፍቻለሁ ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ ሁለተኛ ከታተመ አሳጥረዋለሁ። እናቴ ግን ስለ ጉንዳኖቹ ጠይቃኝ አታውቅም። መጽሐፉን ባጠፍኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ታገኘዋለች?» ታገሺ እላታለሁ። ስድስተኛውን በር ጨርሰን አንድ በር ሲቀረን የእርስዎ ጉባኤ ደረሰ።

ጉባኤው ሲበተን ጸሐፊዎ እርስዎ የመረመሩትን ቅጂ መለሰልኝ። እንደሚያውቁት ያ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሚያወጣው ወረቀቱ እንደ ታጠፈ፣ ጠርዙ እንደ ተያያዘ ነው፤ አንባቢ በቢላ እየከፈተ ያነባል። የእርስዎ ቅጂ ከአሥራ ስድስተኛው ገጽ ወዲያ ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ ነው። ጠንቋይዋ የምትመጣው ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው፤ የምትጋለጠው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ያልከፈቱትን በር ከውጭ ሆነው እንዲህ አጥርተው ማየትዎ በእውነት ያስደንቃል። ይህን ለእትዬ ዙህራ ሳሳያት፣ «ቢላ ቸግሮት ከሆነ የሥጋውን አውሰው ነበር» አለች። ቀጥላም ሳትስቅ፣ «እናትሽን ግን ምን ልንላት ነው?» አለችኝ።

፬ኛ፤ ስለ እናቴ። የነፍስ አባታችን ከአዳራሹ የወጣውን ወሬ ሰምተው፣ የጥንቆላ መጽሐፍ በዚህ ቤት እንዳይነበብ ብለው አዘዙ። እሳቸውን አልወቅስም፤ የተማረ ሰው አንብቦ ፈረደ መስሏቸው ነው። እናቴ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ፍጻሜውን በቃሌ ልነግራት ስጀምር ጆሮዋን ያዘች።

«ተይኝ ልጄ» አለችኝ። «አትጨርሺው። ታገኘዋለች ብዬ ልኑር።»

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በእናቴ ጀርባ ላይ ያለው ቅል አልተሰበረም። ልትሰብረው አንድ በር ሲቀራት መልሰው ያሳዘሏት እርስዎ ነዎት። ይመርም እስካሁን አልተለቀሰለትም።

መጻሕፍት እንዳይጎዱ ብለው ሳይገልጡ የሚመልሱትን እጆችዎን እግዚአብሔር ከድካም ሁሉ እንዲሰውርልዎ እየለመንኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ውባንቺ ኃይሌ
ከሸማ ተራ፣ ሐምሌ ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ መጻፌን ሰምተው ኖሮ ትናንት ሁለት ሽማግሌዎች ልከውልኛል። ደብዳቤውን ቀድጄ መጥቼ ጉልበትዎን ብስም፣ መጽሐፉን የሚያመሰግን ወረቀት በቢሮዎ ፈርመው እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። መጽሐፉን እስከዚያ ያነቡት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ስለዚህ መልሴ ይኸው ነው። ሳያነቡ የነቀፉኝን አልቀበልም፤ ሳያነቡ የሚያመሰግኑኝንም አልቀበልም። እናቴ ፊት በአዳራሽ የተነገረን ነገር፣ እናቴ በሌለችበት በቢሮ የሚሽር እርቅ ግን፣ ሽማግሌው ማንም ይሁን ማን፣ ከእንግዲህ ከደጄ አላስገባም።