ስሜን ለሰረዛችሁም ላልሰረዛችሁም፣ ወደ ሴንት ክሮይ ከመሄዴ በፊት

በቅድሚያ የጎረቤቴ የዙለይሃ ጤና ይጻፍልኝ። ዙለይሃ የቀኝ ጉልበቷን በቀዶ ሕክምና ካስቀየረች ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ስፌቱ ደርቋል፤ ትናንት ከበሯ እስከ አሳንሰሩ ሰው ሳይደግፋት፣ የብረት መደገፊያዋን ይዛ ሄዳ ተመልሳለች። ኢገን ከተማ ያለችው ምራቷም መንታ ሴቶች በሰላም ተገላግላለች። አንደኛዋ ትንሽ ቢጫ ሆና ነበር፣ አሁን ደህና ናት። ይህን ማስቀደሜ ለወሬ አይደለም። ዙለይሃ የመጀመሪያዋ ምስክሬ ስለሆነች፣ ነገ አንድ ሰው ተነስቶ «መድኃኒት አደንዝዟት ነው የፈረመችው» እንዳይል ነው። የሕመም ማስታገሻውን ካቆመች አምስት ቀን ሆኗታል። «ስድስት» ትላለች ራሷ አጠገቤ ተቀምጣ፤ ስድስት ይባል።

እኔ ማሚት አለልኝ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ባለው ቤቴ ተቀምጬ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። የደከመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም የሚያስቸግረው እሱ ነው። ቃሌን የሚጽፈው ጎረቤታችን ኤዶሳ ነው። አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እዚህ አውቶቡስ ይነዳል። «እህት ማሚት፣ ኑዛዜ ላይ ጨዋታ አይጻፍም» ብሎኛል። ያልኩትን ሁሉ ሳያሳጥር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። አንድያ ልጄ ሊዲያ ከምትኖርበት ከዉድበሪ መጥታ ሶፋው ላይ ትሰማለች። ወራሽ ስለሆነች አትፈርምም።

አንደኛ፤ ስለምሄድበት።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ ጥር ፲፭ ቀን ብርድ ወደሌለባት ወደ ሴንት ክሮይ ደሴት እሄዳለሁ። ለጉብኝት አይደለም፣ ልኖር ነው። ደሴቷን አሜሪካ ከዴንማርክ ከገዛቻት መቶ ዓመት አልፏል። ሰዎቿ ሲወለዱ ጀምረው ዜጋ ናቸው። ገንዘቡ ዶላር፣ ፖስታ ቤቱ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ነው። የምገባው ሚስ ኤዲት ዘንድ ነው። ሚስ ኤዲት በሴንት ፖል የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሺፍት አብራኝ ሠርታለች። በሽተኛ ስናገላብጥ እሷ ከራስጌ እኔ ከግርጌ ነበርን። ጡረታ ስትወጣ ወደ ተወለደችባት ደሴት ተመለሰች። ከቤቷ ጀርባ የራሱ በር ያለው ክፍል አላት፤ ዓምና በየካቲት ሁለት ሳምንት ተቀምጬበታለሁ። እዚህ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አሳንሰሩ ሁለት ጊዜ ቆሜ የምተነፍሰው ሴትዮ፣ እዚያ ከባሕሩ እስከ ቤቷ ያለውን ዳገት አንዴ ብቻ አርፌ ወጥቻለሁ። ሐኪሜ ይህን ሰምታ «ሂጂ፣ መድኃኒትሽን ግን እንዳታቋርጪ» አለችኝ። ሌላ የማስፈቅደው ሰው የለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ደሴቷ ለሚጠይቁኝ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ መልሼ እንዳርፍ።

ልጄ ሊዲያ ሚኒሶታ ተወልዳ፣ እዚሁ ነርስነት ተምራ፣ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ ቪዛ ያስፈልግሻል?» ብላ ነው። ፓስፖርትም አያስፈልገኝም፣ ቺካጎ እንደመሄድ ነው አልኳት። ስልኳን ከፍታ ስታነብ ቆየችና፣ «ግን እኮ ፕሬዚዳንት መምረጥ አትችዪም» አለችኝ።

አዎ፣ አልችልም። ለኮንግረስ የሚልኩት ሰው አለ፤ ተቀምጦ ይናገራል፣ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ አይሰጥም። የገረመኝን ልንገራችሁ። ጠቅልዬ አዲስ አበባ ብገባ ለፕሬዚዳንት ድምፄን በፖስታ መላክ እችላለሁ። የአሜሪካ ባንዲራ በሚሰቀልባት ደሴት ስኖር አልችልም። እዚህ ላይ ኤዶሳ እስክሪብቶውን አቁሞ «እውነት ነው?» አለ። እውነት ነው፣ አጣርቻለሁ፣ ጻፍ። የሚስ ኤዲት ባል ቬትናም ዘምቶ የቆሰለ ሰው ነበር። «ለጦርነት ስንፈለግ የቤት ልጅ ነን፣ ለምርጫ እንግዳ ነን» ትለኛለች።

ይህ ደስ ይለኛል አላልኩም። ያናድደኛል። ያው እኔ፣ ያው ፓስፖርቴ፣ ከዚህ መራጭ ሆኜ ተሳፍሬ እዚያ መራጭ ሳልሆን መውረዴ ያናድደኛል። ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ ኖሬበታለሁ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ዜግነት እስካገኝ ዘጠኝ ዓመት ግብር ከፍያለሁ፣ በረዶ ጠርጌያለሁ፣ የሰው እናትና አባት አጥቤያለሁ፤ በነዚያ ዓመታት አንድም ቀን አልመረጥኩም። ያኔ «የምትኖሪው አሜሪካ አይደለም» ያለኝ አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ስለ እድሩ። ኤዶሳ፣ ይህን ሰፋ አድርገህ ጻፍልኝ።

ታላቅ ወንድሜ እሸቴ አለልኝ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ባለፈው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ተነስቶ አንቀጽ ዘጠኝን አነበበ፤ «ከአሜሪካ ወጥቶ የሚኖር አባል ከአባልነት ይሰረዛል።» አንቀጹን ራሱ ነው ያረቀቀው፣ ጠቅልለው አገር ቤት ለሚገቡ ሰዎች ብሎ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከአሜሪካ አልወጣሁም» አልኩት።

«ፕሬዚዳንት የማይመርጥ አገር ምኑ አሜሪካ ነው? ባንዲራው ላይ ኮከብ አላት?»

ሰው ሳቀ። እሱም በቀይ እስክሪብቶ ስሜን ሰረዘው። ቲኬት እንኳ ገና አልቆረጥኩም ነበር።

ስሜ መሰረዙ እኔን አይጎዳኝም፤ የሞተ ሰው መዝገብ አያይም። የሚጎዳው ልጄን ነው። ሊዲያ እህትም ወንድምም የላትም። አባቷ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እድሩ አዳራሹን ሞልቶ አብሮን ተቀመጠ። እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሴቶቹ እየተቀያየሩ እጇን ይዘው ነው ያደሩት። እኔ ስሞት ያ ወንበር ሁሉ ባዶ ሆኖ ብቻዋን እንድትቀመጥ ነው ጉባኤው የወሰነው፤ እናቷ የሄደችባት ደሴት ኮከብ ስለሌላት።

እኔስ ለእድሩ ማን ነበርኩ? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሃያ ሦስት ሴቶች አጥቤ ገንዣለሁ። ቀብር አስፈጻሚው ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል፣ በጥር ብርድ፣ ውኃ አሙቄ ነው ያጠብኳቸው። ሠራተኛው «አይሰማቸውም እኮ» ሲለኝ፣ «አንተ ምን አገባህ፣ ውኃውን አምጣ» እለው ነበር። ከሃያ ሦስቱ ዜጋ ያልሆኑ ነበሩ፣ ወረቀታቸው ያላለቀ ነበሩ። አንዷንም ለማን መረጥሽ ብዬ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ስሜን መልሱልኝ ብዬ አልለምንም። በሞትኩበት ልቀበር። ሴንት ክሮይ ከሞትኩ ሴንት ክሮይ። በሳጥን አሽጎ ወደ ሚኒሶታም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚያጓጉዘኝ ሰው ፈቃዴን የጣሰ ይሁን። ለሚስ ኤዲት እንዴት እንደምገነዝ አሳይቻታለሁ፤ ይዛዋለች። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጄ ጋር የሚቀመጥ ሰው ይቀመጥ። በእድሩ ስም ካልሆነ በራሱ ስም ይምጣ። የማይመጣውን ዙለይሃ ስሙን ትይዛለች፤ እሷ ደግሞ የያዘችውን አትረሳም።

አራተኛ፤ ስለ ዕቃዬ።

ቶዮታዬን ለወንድሜ ለእሸቴ ትቻለሁ። እዚያ መንገዱ በግራ ነው የሚነዳው፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር አልማርም።

የአንገት ወርቄ የሊዲያ ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኳቸው «መርጫለሁ» የሚሉ አራት ቀይ ክብ ወረቀቶችም የሷ ናቸው። አራት ጊዜ ለፕሬዚዳንት ተሰልፌ ያገኘኋቸው ናቸው። እሷ ዕድሜዋ ከደረሰ ወዲህ ሁለት ምርጫ አልፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሺፍት ነበረኝ» አለችኝ። እኔ እዚያ መምረጥ ባለመቻሌ ከተቆጨሽ፣ ልጄ፣ አንቺ እዚህ ምረጪ።

የእድሩ ትልቁ ድስት እኔ ዘንድ ነው። ታጥቦ፣ ክዳኑ ላይ ቁጥሩ እንደተጻፈ፣ በረንዳ ላይ አለ። ስለሰረዛችሁኝ ይመለስላችሁ።

የመገነዣ ቦርሳዬ፣ ማለት ነጩ ጨርቅ፣ ክሩ፣ መቀሱና ትንሿ ሳፋ፣ ይህም የሊዲያ ነው። ለምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ባለፉት ሦስት ጊዜያት ውኃ ያቀበለችኝ እሷ ናት።

እስከዚህ ተጽፎ በር ተንኳኳ። ኤዶሳ «ልጻፍ ወይስ ልቁም?» አለኝ። ጻፍ አልኩት።

የገባው ወንድሜ እሸቴ ነው። ባርኔጣው ላይ በረዶ፣ ብብቱ ሥር የእድሩ መዝገብ።

«ፈረምሽ?» አለኝ።

«ገና ነኝ።»

«ጫማህን አውልቅ እሸቴ» አለችው ዙለይሃ። «ማንም አልሞተም ገና።»

አወለቀ። ወረቀቱን ከኤዶሳ ተቀብሎ ቆሞ አነበበው። ሦስተኛው ላይ ቆየ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«መኪናውን ለእኔ? ከሰረዝኩሽ በኋላ?»

«ያንተ መኪና ማሞቂያው ስለማይሠራ ነው። ሌላ እንዳይመስልህ።»

ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። «ማሚትዬ፣ ደሴቷ የማን እንደሆነች መች ጠፋኝ። ቀብርሽን ብንይዝብሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነው። አንቺ ስትሄጂ የእኛን ሴቶች ማን ያጥባል? ነገ ሚስቴ ብትሆንስ?»

«ያነበብከው ላይ አለ» አልኩት።

ሊዲያ ከሶፋው ተነሳች። «እኔ ነኝ የማጥበው፣ ጋሼ» አለች፤ በአማርኛ።

«አማርኛሽ ይበቃል ብለሽ ነው?»

«ለሞተ ሰው ምን አማርኛ ያስፈልጋል?»

ዙለይሃ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፣ እያመማት። ወንድሜም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ቀዩን መስመር አልነካውም፤ ከሥሩ ባለው ባዶ ረድፍ ስሜን እንደገና ጻፈ። አድራሻው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ስቴት ይላል። ምን ልጻፍ?»

«ስቴት አይደለችም።»

«ታዲያ ባዶ ልተወው?»

«ባዶ አትተወው። የግዛቷን ምህጻረ ቃል፣ ቪ.አይ. ብለህ ጻፍ። ፖስታ ቤቱ በዚህ ያደርሳል።»

ጻፈ። ኤዶሳ «አንቀጽ ዘጠኝስ?» አለው። «ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ጉባኤው ይጠይቀኝ» አለ ወንድሜ።

እኔም ከመፈረሜ በፊት ይህ ይጨመርልኝ። ስሜ በመመለሱ ደስ ብሎኛል፤ ከላይ ካልኩት ግን አንድ ፊደል አይነሳም። ጉባኤው መልሶ ቢሰርዘኝም እሄዳለሁ። ድስቱ ግን ይቅር፤ ለጊዜው በረንዳው ላይ ይቆይ።

ተናዛዥ፤ ማሚት አለልኝ (ፊርማ)

አንደኛ ምስክር፤ ዙለይሃ (ፊርማ)። «ቆሜ ነው የፈረምኩት ተብሎ ይጻፍ» ብላለች።

ሁለተኛ ምስክርና ጸሐፊ፤ ኤዶሳ (ፊርማ)። የዚህ ስቴት ሕግ ሁለት ምስክር ይበቃል ይላል።

ሦስተኛ፤ እሸቴ አለልኝ (ፊርማ)። አይበቃም ብሎ የጨመረው ራሱ ነው፤ መኪናው ስለተተወለት ከምስክር አይቆጠርም።

ፈርሞ ሲያበቃ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተው። «ጥር አሥራ አምስት እኔ ነኝ የማደርስሽ። በየትኛው በር ነው የምትገቢው፣ በውጭ አገር በረራ ነው በአገር ውስጥ?»

«በአገር ውስጥ» አልኩት። ይህንንም ጻፈው፣ ኤዶሳ።