ወንድሙ የሠራው ጣሪያ

አባትሽ ወደ ሥራው ተመለሰ! እልል በይልኝ! በደስታ ሰላምታውንም ዘለልኩት፤ እንደምን አለሽ የኔ ልጅ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ የሰው አገር መልካም ሰው ይስጥሽ።

ያ አጎትሽ የሠራው የጤና ጣቢያ ጣሪያ ነው ጣጣ ያመጣብን። የሕንፃ ተቆጣጣሪ የዘመዱን ሥራ እንዳይመረምር ሕግ ይከለክላል አይደል? አባትሽም «የሠራው ወንድሜ ነው፣ ሌላ ሰው ይየው» ብሎ ለአለቃው አሳወቀ። ሌላው ሲመረምር ከኮንክሪቱ ብረት ጎድሎ ተገኘ። አጎትሽ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ አባትሽንም «አብሮ ሳይበላ አይቀርም» ብለው አገዱት። ይኸው አሁን ነፃ ወጣ።

ቤታችን ግን ጭር ብሏል። የአጎትሽ ሚስት መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። አባትሽን «ምናለ ዝም ብትል?» ስለው፣ «ሕጉ ተናገር ይላል» አለኝ።

«እንግዲያው ሕጉ እንደ ወንድምህ ማታ ማታ መጥቶ ካርታ ያጫውትሃላ!» አልኩት።

አልሳቀም። «ጣሪያው በሽተኛ ላይ ቢወድቅስ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እውነቱን ነው፤ ግን ወንድሙ ናፍቆት ምግብ እንኳ አይወርድለትም።

አጎትሽ የኔን ስልክ አያነሳም፤ አንቺን ግን እንደ ልጁ ነው የሚያይሽ። ፈጣሪ በሄድሽበት ይከተልሽና፣ እስቲ ደውለሽ እንዲመጣ ለምኚልኝ። ለአባትሽ ወደ ሥራ መመለስ ትንሽ ድግስ አዘጋጅቼ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል፤ እሱ ከቀረ ግን አባትሽ ከመኝታ ቤት አይወጣም። የፊታችን ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ነው በይው።