ሞተሬን ያስጮህኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ብቸና።

ሁለተኛው የመጋዝ ስለትም ተሰበረ። የሞተሬ ማርሚታ አልቆረጥ አለ። ንድድ ብሎኝ በቡጢ መታሁት፤ የቆሰለው የኔው እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ክሊኒክ የሰው ቁስል ሳሽግ ውዬ፣ ከሥራ መልስ የራሴን አሸግሁ።

ለምን እንደጀመርኩት ልጻፍ። በብቸና ካለነው ድሬሰሮች ሞተር ብስክሌት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ ልኮራ ሲገባኝ፣ ቅዳሜ በገበያ መሀል ሳልፍ የወረዳው ጸሐፊ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ልብስ ሰፊው መጣ! የሚጠገን ያላችሁ አውጡ!" አለ። ገበያው በሙሉ ሳቀ። እንቁላል ሻጯ ሳትቀር ሳቀች። እውነት ነው፣ ድምፁ የስፌት መኪና ነው። ጭሱ በሚወጣበት ወፍራም ቧንቧ ውስጥ፣ በማርሚታው ሆድ ማለቴ ነው፣ ሌላ የተበሳሳ ቀጭን ቱቦ አለ። ድምፁን አንቆ የያዘው እሱ ነው። ድሬዳዋ ጋራዥ ለጋራዥ ያደግሁ ሰው ይህን ማወቅ አያቅተኝም። ይወጣል።

አያ ሞላ፣ የተከራየሁበት ቤት ጌታ፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሲያዩኝ ቆዩ። ጠመንጃው ከእጃቸው አይለይም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በእርሻ ወሰን ጠብ የአንድ ጓንጉል የሚባል ሰው ወንድም ገድለዋል። እስራቸውን ጨርሰው ወጥተዋል፤ ደሙ ግን እንዳለ ነው። ጀርባቸውን ለአጥር ሰጥተው አይቀመጡም። ለቅሶ አይደርሱም። ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሽማግሎች ሊያስታርቋቸው ነው። አያ ሞላ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ጓንጉል ፊት ጎንበስ ይላሉ፣ ጓንጉል ይቅር ብያለሁ ይላል፣ በግ ይታረዳል፣ ያልቃል። እሑድ ጾም ስለሚገባ፣ ሐሙስ ካለፈ በግ የሚታረደው ለገና ነው።

ሚስታቸው እትዬ የሻሽ ቀኑን በጣታቸው ይቆጥራሉ። "ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ሦስት ቀን ከደጅ አይውጡብኝ" ሲሏቸው ሰማሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10።

ወጣ! በመጋዝ እምቢ ቢል በመሮና በመዶሻ። ሆዱን ዘነጠልኩት። ቱቦውን ጎትቼ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ደስታዬን የገለጽኩት እንዲህ ነው።

ከዚያ የቀደድኩትን መልሶ የሚያጠብቅ ነገር አጣሁ። ሽቦ አሰርኩበት፣ ተፈታ። አያ ሞላ ዝም ብለው ገብተው አሮጌ ወገል ይዘው ወጡ፤ ማረሻና ድግር ከሞፈሩ ጋር የሚያያዝበትን የብረት ቀለበት። "ይህ በሬ የሚስበውን ችሏል፤ ያንተን እንፋሎት አይችልም?" አሉኝ። በመዶሻ ሁለት ጊዜ ነካ ባደርገው ቁጭ አለ።

አስነሳሁት። በስመ አብ! ደረቴ ውስጥ ነው የጮኸው። ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። እየሳቅሁ ዞር ስል አያ ሞላ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ በደረታቸው ተኝተዋል፤ አፈሙዙ ወደ እኔ ነው። እጃቸው ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

"ሌላ ጊዜ አስቀድመህ ንገረኝ ልጄ፣" አሉ ሲነሱ ጉልበታቸውን እያራገፉ። "ልገድልህ ነበር።"

ሁለታችንም ሳቅን። እትዬ የሻሽ አልሳቁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ሞጣ።

መድኃኒት አምጣ ተብዬ ወደ ሞጣ ተላክሁ። ከመነሳቴ በፊት በጸሐፊው ደጅ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ወጥቶ፣ "አንተ እብድ፣ ሕፃን አስደነገጥክ!" አለኝ። ወርጄ አንገቱን አነቅሁት። እሱ በጥፊ፣ እኔ በቡጢ። አፍንጫው ሸሚዙን በደም አለበሰው። ሰው ሲገላግለን ከቦርሳዬ ጥጥ አውጥቼ እኔው ወተፍኩለት። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው።

ልብስ ሰፊ ብሎ የሚጠራኝ ግን ከእንግዲህ የለም።

መንገድ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ ቁልቁለት ላይ ቤንዚኑን ድንገት ስዘጋው፣ ማርሚታው ዷ! ይላል። እንደገና ከፍቼ ስዘጋው እንደገና ዷ! ሞጣ እስክደርስ ስለማመደው ዋልሁ። የዛሬው ገድሌ፦

ደብረ ወርቅ፣ የቆሎ ተማሪዎች ዜማቸውን አቁመው ወደ አጥሩ ሮጡ።

አንዲት በቅሎ ጌታዋን ቦይ ውስጥ ጣለች። እስከ ሰባት ትውልዴ ረገመኝ።

ሞጣ መግቢያ ላይ አንድ ፖሊስ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አቀባበለ። ሲያየኝ ተሳደበ። ሳቅሁበት።

ነገ ለእርቁ እደርሳለሁ። አያ ሞላ፣ "ወንድ ልጅ የለኝም፤ ከጎኔ አንተ ቁምልኝ" ብለውኛል። ይህን ሲሉኝ እንባዬ መጥቶ ነበር። እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

 

እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማ ወጣ ብሎ ከቁልቁለት ሥር ነው። ከሞጣ ስመለስ አረፈድኩ። ጉብታው ጫፍ ላይ ሆኜ፣ መምጣቴን ይወቁ ብዬ፣ ለክብር ብዬ፣ ቤንዚኑን ከፍቼ ዘጋሁት። ዷ! ደግሜ፣ ዷ!

ታች ሰው ሲራወጥ አየሁ። ከዚያ እውነተኛው ተኩስ ተጀመረ።

ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን ከአስታራቂዎቹ መሀል ላሉት ቄስ፣ ለመሪጌታ ፈንታ አስረክቦ፣ መሣሪያው ሁሉ ዋርካው ላይ ተደግፎ ነበር። አያ ሞላ ድንጋዩን ተሸክመው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ድምፁ የመጣው የሳቸው ዘመዶች ከቆሙበት በኩል ነው። የጓንጉል ሰዎች ተከዳን ብለው ወደ ዋርካው ሮጡ፤ የአያ ሞላም ሰዎች ሮጡ። ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ሞተሩን ጉብታው ላይ ጥዬ በእግሬ ስደርስ አያ ሞላ በጀርባቸው ወድቀዋል፣ ድንጋዩ አጠገባቸው ነው፣ ጭናቸው ደም ይተፋል። በቀበቶዬ ሰቅዤ አሰርኩት። እንደ ጅብ ይጮሁ ከነበሩት መሀል የጓንጉልን አማች ትከሻው ተሰብሮ አገኘሁት። እሱንም አሰርሁ። አሥር ጣቶቼ በሁለቱ ወገን ደም ተጣበቁ።

የሞተ የለም። እስካሁን።

ዓርብ፣ ኅዳር 13።

የጓንጉል ወገን፦ "ሞላ በእርቅ ስም ወጥመድ ዘረጋብን።" የአያ ሞላ ወገን፦ "መጀመሪያ የተኮሰ ጓንጉል ነው።" ሁለቱም ይምላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ጠዋት የአያ ሞላ የጤፍ ክምር ተቃጠለ። እሳቱ ሳይጠፋ የሳቸው ዘመዶች ሄደው የጓንጉልን ሁለት በሬዎች ቋንጃቸውን ቆረጧቸው። በሬዎቹ በፊት እግራቸው ሊነሱ እየሞከሩ ሲያጓሩ መንገድ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

እኔ ዝም አልሁ። የአያ ሞላን ቁስል አጠብኩ፣ ፔኒሲሊን ወጋሁ፣ ዝም አልሁ። ጥይቱ ሥጋ ሥጋውን ነው ያለፈው፤ እግሩ ይተርፋል። "እጅህ መድኃኒት ነው" አሉኝ። ያን ጊዜ ብናገር ምን ነበረበት? ፈርቼ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14።

ተናገርሁ። ለአያ ሞላ። አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ።

መጨረሻውን ሳይሰሙ ከራስጌያቸው ጠመንጃቸውን አንስተው በሰደፉ አገጬን አሉኝ። ሁለት ጥርሴ ይነቃነቃል። ደሜን ተፋሁ።

"ለኔ መንገርህ ለኔ ምን ያደርግልኛል?" አሉ። "ለጓንጉል ንገር። ካልገደለህ ተመለስ።"

እትዬ የሻሽ ግን አልተቆጡም። ግድግዳውን እያዩ፣ "ሦስት ቀን ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ብቻ" አሉ። ሰደፉ ይሻለኝ ነበር።

ወደ መሪጌታ ፈንታ ሄድሁ። ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ እየጮህኩ ነው የተናዘዝኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱም ወገን ይምጣ፣ የሞተሩን ድምፅ በፊታቸው ታሰማለህ አሉኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 15። የጾም መግቢያ።

በሕይወት አለሁ።

ዛሬ ጠመንጃውን ለሽማግሌ የሰጠ አልነበረም። የጓንጉል ሰዎች በመቃብሩ በኩል፣ የአያ ሞላ ዘመዶች በዋርካው በኩል። አያ ሞላን በቃሬዛ አመጧቸው። እኔ ቁልቁለቱ ላይ፣ በሁለቱ መሀል።

ሞተሩን አስነሳሁና ወረድሁ። ዘጋሁት። ዝም። ከፍቼ ዘጋሁት። ዝም።

"አያችሁ?" አለ ጓንጉል። አጠር ያለ፣ ግንባሩ የተቋጠረ ሰው ነው። "ሞላ ይህን መጻተኛ ልኮ ሊያላግጥብን ነው።" ሲያቀባብል ሰማሁ።

እየገፋሁ ወጣሁ፣ እንደገና ወረድሁ። ዝም። ለሦስት ቀን የፈራሁት ድምፅ ዛሬ ብለምነው አልመጣ አለ። ድንገት ትዝ አለኝ፤ ሐሙስ ከሞጣ ድረስ የጋለ ሞተር ነበር። "ይሙቅ! እስኪሞቅ ታገሱኝ!" ብዬ ጮህሁ። ጉብታው ላይ አቁሜ ቤንዚን እየሰጠሁ አስጓራሁት። ሁሉም ጣቱን ምላጭ ላይ አድርጎ አንድ ሞተር እስኪሞቅ ጠበቀ። ሽንቴ አመለጠኝ። ይጻፍ፣ ሆኗል።

ሦስተኛውን ወረድሁ። ዘጋሁት።

ዷ! ዷ!

ወንዱ ሁሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። ጓንጉል መቃብር ጀርባ በደረቱ ነው። ቆመው የቀሩት መሪጌታ ብቻ ናቸው፤ መስቀላቸውን ይዘው፣ "ጀመረ እንዴ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። የተኮሰ ግን የለም። አንድም።

ጓንጉል ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ወደ እኔ መጣና ያን አገጬን በጥፊ አለው። ዓይኑ ውኃ ሞልቷል።

"ሐሙስ ይቅር የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ነበር" አለኝ። "ዘጠኝ ዓመት የፈጀብኝን አንተ መልሰህ አስዋጥከኝ።"

 እግሩ ላይ ወደቅሁ።

ሽማግሎቹ ሲመክሩ ቆይተው ለገና ማግስት ቀጠሩ። የአያ ሞላ እግር እስከዚያ ድንጋይ አይሸከምም። "እሱ ይሸከማል" አለ ጓንጉል፣ በአፈሙዙ እኔን እያሳየ። እስከዚያ እንደማይተኩስ መስቀሉን መትቶ ማለ። አማቹ፣ ትከሻው የተሰበረው፣ አልመታም። ማርሚታውን ለመያዣ ብሎ ከነወገሉ አስነቅሎ ወሰደው። ያለሱ ደግሞ ሞተሩ ከበፊቱም ይብስ ይጮኻል፤ ስለዚህ እስከ ብቸና በእጄ እየገፋሁ መጣሁ። ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። 

እቤት ስደርስ የሐሙሱን ድንጋይ እትዬ የሻሽ አስመጥተው ደጄ ላይ አስቀምጠውታል። በአንድ በኩል የአያ ሞላ ደም ደርቆበታል።

ላነሳው ሞከርሁ። ከጉልበቴ በላይ አልወጣልኝም። አያ ሞላ ከአልጋቸው ሆነው በበሩ በኩል ያዩኝ ነበር።

"በወገብህ አይደለም ልጄ፣" አሉኝ። "መጀመሪያ ተንበርከክ።"